የሚጥሚጣው ጨው

ያሰሩን መካነ ሰላም ዳር፣ ድሮ የእህል መጋዘን በነበረ ቤት ውስጥ ነበር። በሩን ከፍተው ሲያስገቡኝ መጀመሪያ የተቀበለኝ የነቀዘ ስንዴ ሽታ ነው። መስኮት የለውም። በሩ አጠገብ ቆርቆሮው ላይ ጣት የምታስገባ ቀዳዳ ነበረች፤ ውጭውን የምናየው በእሷ ነው። አስተማሪ ነኝ፤ የያዙኝ ስብሰባ ላይ በተናገርኩት ነገር ነው።

አባቴ ቁርአን የሚያስቀሩ ሰው ነበሩ። «ምላስህን ሰብስብ፣ ልጀ» ቢሉኝ አልሰማሁም፤ እንደተቀያየምን ታሰርኩ። ስንቅ የምታመላልሰው እህቴ ነበረች። የእስር ቤቱን ውሃ የመሰለ ምስር ወጥ ስበላ ሰንብቼ ምላሴ እንጨት ሲሆንብኝ፣ ሚጥሚጣ አምጭልኝ አልኳት። የእኛ ቤት ሚጥሚጣ ከዓባይ በረሃ የሚመጣ ነው፤ ከምድጃው በላይ ተሰቅሎ ጭስ ሲጠጣ ከርሞ ይወቀጣል። ገና ክዳኑ ሲከፈት ያስነጥሳል።

በሳምንቱ ስሜ ተጠርቶ ስወጣ፣ በሩ ላይ የቆሙት አባቴ ናቸው። እህቴን አሟት ኖሯል። የሚጥሚጣዋን ቢልቃጥ በጋቢያቸው ጫፍ ይዘዋታል።

«ያመጣ ሰው ሳይቀምስ አይገባም፣ አባት» አለ ጠባቂው። ደንቡ ነው፤ ለሁሉም እንደዚያው ነበር። አባቴ በጣታቸው ጫፍ ሊነኩ ሲሉ ማንኪያ ሰጣቸው። «ዱቄት በጣት አይሆንም። ሞላ ያድርጉት።»

አባቴ የጨጓራ በሽተኛ ነበሩ። አንድ ጊዜ ደም አስመልሷቸው፣ ሐኪሙ በርበሬ የሚባል እንዳይነኩ አስጠንቅቋቸዋል። ልናገር አፌን ከፈትኩ። አባቴ አዩኝ። ስለ እሳቸው እንዳልለምን በዓይናቸው ከለከሉኝ፤ እኔም ዝም አልኩ። ለዚያ ዝምታዬ እስከ ዛሬ ራሴን ይቅር አላልኩም።

«ቢስሚላህ» ብለው ቃሙት። አኘኩ፤ ዋጡ። ከኮፍያቸው ስር ላብ ችፍ አለ። ጠባቂውም ደነገጠ መሰለኝ፣ «ውሃ ላምጣልዎት?» አላቸው።

«አልጠማኝም።» ወደ እኔ ዞሩ። «ጨው ያንሰዋል፣ ልጀ። ለእህትህ እነግራታለሁ።»

ከተቀያየምን ወዲህ የመጀመሪያ ቃላቸው ይኸው ነበር።

«እሽ አባየ፤ ይንገሯት» አልኩ።

ቀጥ ብለው ሄዱ። ገብቼ በቀዳዳዋ አየኋቸው፤ ባሕር ዛፎቹ ጋ ሲደርሱ ሆዳቸውን ይዘው ቁጭ አሉ። ብዙ ቆይተው ተነሱና ጋቢያቸውን አራግፈው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ምሳ ሲመጣ እኔም አንድ ማንኪያ ሞልቼ ቃምኩ። ጉሮሮዬ ነደደ፤ ጆሮዬ ጮኸ። ጨዉ ልክ ነበር። አብረውኝ የታሰሩ አንድ የወግዲ ቄስ «ኧረ ውሃ ጠጣበት!» ብለው ጣሳ አቀረቡልኝ።

«አልጠማኝም» አልኳቸው።

ከዚያ ወዲህ የሚመጣልኝ ሚጥሚጣ ሁሉ ጨው የበዛበት ሆነ። የተፈታሁ ቀን እህቴ በር ላይ ጠበቀችኝ። ብቻዋን ነበረች። አባቴ ከዚያ ቀን በኋላ ቀና አላሉም፤ በወሩ ሞተዋል። እንዳትነግረኝም አስምለዋት ነበር። «አልጋ ላይ ሆነው እንኳ፣ ለልጁ ጨው ጨምሪለት ይሉኝ ነበር» አለችኝ።

እህቴ ዛሬም ጨዉን አብዝታ ትወቅጥልኛለች። ልጆቼ ሲቀምሱት ፊታቸውን ያኮማትራሉ። «አክስታችን ጨው ታበዛለች፤ ለምን አትነግራትም?» ይሉኛል።

«ልክ ነው» እላቸዋለሁ።