ርቀት የሚለካው ካሜራዬና ኮሶዋ ሥር የቆሙት ሽማግሌ

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት፣ ዲንሾ ልገባ ትንሽ ሲቀረኝ ከሚኒባሱ ወረድኩ። በአንዲት ኮሶ ዛፍ ምክንያት... የገብስ ማሳ መሃል ብቻዋን ቆማለች፣ ከኋላዋ ጉሙ ተራራውን እየዋጠ ይወርዳል። ሾፌሩ «እዚህ ማን አለህ?» አለኝ። «ዛፍ» አልኩት። ሳቀብኝ።

ለማታውቁኝ፣ የጎባ ልጅ ነኝ፣ የፊልም ካሜራ ፍቅር ያሳበደኝ። ያውም ሬንጅፋይንደር የሚባለው። በትንሿ መስኮት ስታዩ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ይታያችኋል። ቀለበቱን እያዞራችሁ ሁለቱን ምስል ስታገጥሟቸው ካሜራው ርቀቱን በሜትር ይነግራችኋል። እንደኔ ያበዱ ሰዎች የቴሌግራም ግሩፕ አለን። የዞርንበትን አገር እያነሳን እንለቃለን፣ «ስንት ሜትር ላይ ነው?» እየተባባልን እንፎካከራለን።

ማሳው ዳር ቆሜ ቀለበቱን ሳዞር፣ ወደፊት ስል፣ ወደኋላ ስል... ከጀርባዬ የፈረስ ኮቴ ሰማሁ። ብርድ ልብስ የተከናነቡ ሽማግሌ ናቸው። «አካም ጅርታ?» አልኳቸው። ሰላምታዬን አልመለሱልኝም። በዚህ አገር ሰላምታ የማይመልስ ሽማግሌ አይቼ አላውቅም።

«ምንድነው የምትለካው?» አሉኝ።

እኔ ደግሞ ስለ ካሜራዬ የሚጠይቀኝ ሰው ካገኘሁ ነፍሴን አላውቅም። «ይሄ እኮ ተራ ካሜራ አይደለም አባቴ! ከዚህ እስከ ኮሶዋ አስራ አምስት ሜትር ይላል። ለክቶ ነው የሚነግረኝ!»

ፊታቸው ጠቆረ። ዞር ብለው በኦሮምኛ ተጣሩ። ሦስት ወንዶች ከማሳው አጥር ጀርባ ወጡ፣ አንዱ መንገዱ ላይ ቆመ፣ ሁለቱ ከኋላዬ። ሚኒባሱ ከሄደ ቆይቷል።

«ባለፈው ወር ነጭ መኪና ይዘው የመጡ ሰዎች ነበሩ» አሉ ሽማግሌው ከፈረሳቸው እየወረዱ። «እነሱም ፎቶ ነው ብለውን ነበር። ኋላ ግን ችካል ተከሉብን።»

«እኔ አላውቃቸውም አባቴ። ለራሴ ነው የማነሳው።»

«በአያቴ ጊዜም አንድ ሰው አሁን አንተ የቆምክበት ላይ ቆሞ ነበር። የመሬት መለኪያ ቃላድ ይዞ። ገመዱ ከዚህ ተነስቶ ኮሶዋ ጋ አረፈ። አያቴ ጠዋት ባለ መሬት ነበር፣ ማታ በገዛ ቤቱ ጭሰኛ ሆኖ አደረ።» ቀና ብለው አዩኝ። «ኢልመ ኤኙ? የማን ልጅ ነህ?»

እዚህ አገር ይሄ ጥያቄ ቀልድ የለውም። በአባትህ ስም ብቻ አያልፉህም፣ ወደ ላይ እያልክ ትቆጥራለህ። የእኔ ቅድመ አያት ደግሞ ከንጉሡ ጦር ጋር ከሰሜን መጥተው ጎባ የሰፈሩ ሰው ናቸው። ቤታችን ውስጥ ስማቸው በኩራት ነው የሚነሳው። መሬቱን እንዴት እንዳገኙት የጠየቀ ግን የለም፣ እኔም ጭምር።

«ዳዊት» አልኩ። «ዳዊት ግርማ... ግርማ ኃይሉ» ብዬ እዚያው ላይ አቆምኩ።

«የጎባው?»

ራሴን ነቀነቅኩ። ቀስ ብለው ጨረሱልኝ።

«ኃይሉ ተክሌ። ባሻ ተክሌ። ቃላዱን የያዘው ሰው።»

ከኋላዬ ያሉት ሰዎች አንድ እርምጃ ሲጠጉ ተሰማኝ። ካሜራዬን ደረቴ ላይ አጥብቄ ያዝኩት፣ ምን እንደሚያድነኝ እንጃ።

«ይሄን ፎቶ ለማን ነው የምታሳየው?»

«ለ... ለጓደኞቼ። ስልክ ላይ።»

«ዛፏን ብቻ ካሳየሃቸው ሰው የሌለበት አገር ይመስላቸዋል» አሉኝ። «ባለ መኪናዎቹም ባዶውን ነው ያነሱት። እኔን አስገባኝ።»

ሄደው ኮሶዋ ሥር ቆሙ። ወንዶቹ ከጀርባዬ አልተነቃነቁም። ቀለበቱን አዞርኩ። መስኮቷ ውስጥ ሁለት ሆነው የታዩኝ ሽማግሌ እየተጠጋጉ መጥተው አንድ ሆኑ፣ ዓይናቸው እኔ ላይ ነው። ቁልፉን ተጫንኩ።

«ሂድ» አሉኝ። ሄድኩ። ዞር ብዬም አላየሁ።

ትናንት ፊልሙን አጥቤ ግሩፑ ላይ ለቀቅኩት። ጉሙ፣ ገብሱ፣ ኮሶዋ፣ ሽማግሌው... በሕይወቴ እንደዚህ ያለ ፎቶ አንስቼ አላውቅም። ግሩፑ በልብ ምልክት ተጥለቀለቀ። ከዛ በጣም የማከብረው አንጋፋ አባላችን ጻፈልኝ፦

«የፎቶው ብርሃን ግሩም ነው! ምን ዋጋ አለው፣ ሰውዬው ገብተው አበላሹት። እስቲ ቦታውን ላክልኝ፣ እሳቸው በሌሉበት ሄጄ ላንሳው።»

ስልኩን አስቀመጥኩት። ባሻ ተክሌም እዚያ ማሳ ዳር የደረሱ ቀን ያሉት ይሄንኑ ሳይሆን አይቀርም።