ጸበል የገባችው ሽሪምፕ

ንጋት፣ ከባሕሩ ዳር

ገና ጎህ ሳይቀድ ተነሣሁ። የካሊፎርኒያ ጠረፍ ጭጋግ መኪናዬን አልብሷታል። ከኋላ ወንበር ላይ፣ ቀበቶ አስሬላት፣ አንዲት የጭቃ ሽሪምፕ፣ ጣት የምታህል ባለ ቅርፊት የባሕር ፍጥረት፣ ቅዝቃዜ በሚይዝ ሣጥን፣ በኩለር ውስጥ ተቀምጣለች። የባሕር ውኃ አላት፣ ትንሽ ጭቃ አላት፣ በባትሪ የምትሠራ የአየር መንፊያ አላት። እኔ ቁርስ እንኳ አልበላሁም።

የምንሄደው ላስ ቬጋስ ነው። የባሕር ፍጥረት የሚያጠኑ ሰዎች የሚሰበሰቡት ዘንድሮ እዚያ፣ በረሃው መካከል ነው። ለምን ብዬ ስጠይቅ አለቃዬ ሆቴሉ ጥሩ ቅናሽ አደረገልን አለኝ።

ስለ ተሳፋሪዬ ትንሽ ልንገራችሁ። ዘመዶቿ በእኛ የባሕር ወሽመጥ ጭቃ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍረው የሚኖሩ የአገሩ ተወላጆች ናቸው። ከሩቅ ምሥራቅ፣ መርከብ ለሚዛን ብሎ በሆዱ በሚጭነው ውኃ ውስጥ መጣ የሚባል አንድ ጥገኛ ተባይ አለ። ቅርፊታቸው ሥር ገብቶ መተንፈሻቸው ላይ ይለጠፍና ደማቸውን ይመጥጣል። አይገድላቸውም፤ ብልጥ ነው። እነሱ ይበላሉ፣ እሱን ይመግባሉ፣ መውለድ ግን ያቆማሉ። ድሮ በጉድጓዳቸው እንደ ወንፊት የተበሳሳው ጭቃ ዛሬ ለጥ ብሎ ተኝቷል። ይህችን አንዷን ለማግኘት ስንት ቀን ጭቃ ውስጥ እንደተንከባለልን እኔ ነኝ የማውቀው። የቅርፊቷ አንድ ጎን ጥርሱን እንዳመመው ሰው ጉንጭ አብጧል። ባቄላ የሚያህለው ተከራይ እዚያ ውስጥ አለ።

የእኔ ሥራ እሷን በሕይወት፣ ተከራዩንም በቦታው አድርሶ ማሳየት ነው። አለቃዬ ቁርጡን ነግሮኛል፦ ጥናቱን በገንዘብ የሚደግፉት ሰዎች ያንን እብጠት በዓይናቸው ካላዩ ጥናቱ እዚህ ላይ ያበቃል።

ቀትር፣ ባርስቶው

መንገዱ አቧራ፣ ድንጋይ፣ የጭነት መኪና። ነዳጅ ማደያው ላይ በረዶ ልቀይርላት ኩለሩን ስከፍት ጎኔ ያለው ሾፌር አጮልቆ አየና ለምሳ ነው ወይ አለኝ። እናቴም ከዓመታት በፊት ይህንኑ ነው የጠየቀችኝ። አይበላም ስላት፣ የማይበላ ነገር ምኑ ይጠናል ብላ እስከ ዛሬ አልገባትም።

ከሰዓት፣ ማውንተንስ ኤጅ

የላስ ቬጋስ ዳርቻ ነው፤ ቤቶቹ ሁሉ አንድ ቀለም፣ ጋራዦቹ ሁሉ አንድ መልክ። የማርፍበትን ቤት ሁለቴ አልፌው ሄድኩ። ያዳኑኝ ደጁ ላይ ቆመው እጃቸውን የሚያወናጭፉት ጋሽ ተፈራ ናቸው። የአባቴ የልብ ጓደኛ ናቸው። በስደት በሱዳን በኩል መጥተው፣ ዕድሜያቸውን ካዚኖዎቹ በተደረደሩበት ጎዳና፣ ስትሪፕ ላይ የሰው መኪና ሲያቆሙ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል።

«ወደ ግራ ስበሪው፣ ትንሽ፣ በቃ፣ እዚህ ፓርክ አድርጊ» አሉኝ። «ቲፕ አልቀበልም።»

ባለቤታቸው እትዬ አልማዝ አሁንም አንድ ሆቴል ውስጥ ክፍል ያጸዳሉ። ምን ይዛልን መጣች ብለው ኩለሩን ከፍተው ወዲያው ወደ ኋላ አሉ። እንደማይበላ ስነግራቸው ፊታቸው ተመለሰ፤ እንግዳዬን ልብስ ማጠቢያው ክፍል፣ ቀዝቃዛው ቦታ አኖሩልኝ።

ራት ላይ ስለ ሥራዬ ጠየቁኝ። እኔ ይህንን ነገር የማውቀው በእንግሊዝኛ ነው። በአማርኛ ልናገር ስል ቃሉ ሁሉ ከዳኝና እንዲህ አልኩ፦ ታማለች፤ ያደረባት ነገር አለ፤ እንዳትወልድ ይዟታል።

እትዬ አልማዝ ሊያጎርሱኝ የጠቀለሉትን ሳህኑ ላይ መለሱት።

«ሾተላይ ነዋ» አሉ።

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። ከመሰደዳቸው በፊት ሦስት ልጅ አከታትለው እንደቀበሩ፣ ሰዉ ሾተላይ ነው ብሎ ጸበል እንደወሰዳቸው፣ ከዚያ በኋላ ምሕረትን እንደወለዱ ቀስ ብለው ነገሩኝ። ምሕረት ዛሬ ነርስ ናት። ጋሽ ተፈራ ድምፁ የጠፋ ቴሌቪዥን ላይ አፍጥጠው ነበር። እንግዲህ እንደዚያ ዓይነት ነገር ነው አልኩ። ምላሴን ያኔ ብነክስ ጥሩ ነበር።

ጠዋት፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል

የኩለሩ ውኃ እስከ አፉ ሞልቷል። ከጎኑ ባዶ ጀሪካን፣ አንገቱ ላይ ነጭ ክር የታሰረበት። ተከራዩ ኩለሩ ታች፣ ጭቃው ላይ፣ እግሮቹን ወደ ላይ አድርጎ ተዘርሯል። ሽሪምፗ ግን ትንቀሳቀሳለች። እብጠቷ እንደ ባዶ ኪስ ቀርቷል።

ምክንያቱ ይገባኛል። እሷ ወንዝ ከባሕር የሚገናኝበት ቦታ ልጅ ናት፤ ጨው የሌለበትን ውኃ ለጥቂት ሰዓት ትችላለች። እሱ አልቻለም። ይህን ሁሉ ለራሴ እያብራራሁ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ከዚያ የኩለሩን ውኃ ግማሹን ደፍቼ በትርፍነት የያዝኩትን የባሕር ውኃ ሞላሁላት።

እትዬ አልማዝ ማልደው ሺፍት ገብተዋል። ደወልኩ።

«እንዴት አደረች?» አሉኝ።

ደህና ናት አልኳቸው።

«ለቀቃት?»

«ለቋታል።» ከዚያ አላስችል ብሎኝ «እትዬ፣ ጸበል ለማይበላ ነገር ይሆናል እንዴ?» አልኩ።

«ፍጥረት አይደለችም?» ብለው፣ ተመስገን ብለው፣ አለቃዬ መጣች ብለው ስልኩን ዘጉት። ልቆጣቸው ነበር የደወልኩት።

ረፋድ፣ ዘ ስትሪፕ

ጋሽ ተፈራ ራሳቸው አደረሱኝ። ሆቴሉ ውስጥ ባሕር አለ፤ ማዕበሉ በማብሪያ ማጥፊያ ይነሣል። ወደ አዳራሹ ለመድረስ በካዚኖው መካከል ማለፍ ግድ ነው። ሰዉ በጠዋቱ የቁማር ማሽኑ ላይ ተለጥፏል። አስተናጋጇ መጠጥ ታድላለች። ጋሽ ተፈራ ኩለሩን ተሸክመው ቆም አሉ።

«ያንቺ ተባይ መጠጥ በነጻ ይጋብዛል?»

«ኧረ አይጋብዝም።»

«እንግዲያው ገና ጀማሪ ነው» አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

አዳራሹ መግቢያ ላይ በረዶ ተቆልሎ፣ በረዶው ላይ ሽሪምፕ ተቆልሏል። በደረታቸው ላይ «ባሕራችንን እንታደግ» የሚል ምልክት የለጠፉ ምሁራን ቆመው ይልጣሉ። ደጋፊዎቹ እጃቸውን እየጠረጉ መጡ። ኩለሩን ከፈትኩ። ጤነኛ ሽሪምፕ አዩ። ተባዩን በብርጭቆ አሳየኋቸው።

ወፍራም ክራባት ያሰሩት ሽማግሌ እንዴት እንዳወጣሁት ጠየቁ። በውኃ አልኩ። ምን ዓይነት ውኃ? የተባረከ አልኩ። ሁሉም ሳቁ፤ ቀልደኛ መሰልኳቸው። ከዚያ እርስ በርስ ተንሾካሾኩና ሽማግሌው እጄን ጨበጡኝ። መድኃኒቱ ከተገኘማ ጥናቱን መቀጠል ለምን ያስፈልጋል አሉ። ውቅያኖስን ባልዲ ውስጥ መንከር አይቻልም ብዬ ጮህኩ ማለት ይቻላል። እንኳን ደስ ያለሽ ብለውኝ ወደ በረዶው ተመለሱ።

በማግሥቱ ንጋት፣ የመልስ ጉዞ

እትዬ አልማዝ በነጠላ ተሸፍነው ደጅ ድረስ ሸኙኝ። ጥናቱ መቆሙን አልነገርኳቸውም፤ ጸጸት የሚሆንባቸው መሰለኝ። እሳቸውን የጨነቃቸው ሌላ ነው።

«የቀሩትስ?»

ጠረፉን ሙሉ ይዟቸዋል አልኩ። ትንሽ አሰቡና ጋራዥ ገብተው ሁለት ጀሪካን ጎትተው አወጡ። ባሕሩ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ ላስረዳቸው ሞከርኩ።

«ጸበሉም ዘንድ ብዙ ነበርን» አሉኝ። «ለሁላችን ደርሷል።»

ካሊፎርኒያ መግቢያ ላይ የእርሻ ተቆጣጣሪው አስቆመኝ። ብርቱካን ይዘሻል? ተክል? አፈር? አልያዝኩም አልኩ። የሽሪምፗን የፈቃድ ወረቀት ገልብጦ አየ። ጀሪካኖቹን ጠየቀኝ፤ ውኃ ነው አልኩት፤ እለፊ አለኝ። ለአንዲት ብርቱካን ይህን ያህል በሚጨነቅ አገር፣ ተባዩን ያመጣውን ያንን መርከብ በሆድህ ምን ያዝክ ብሎ የጠየቀው አልነበረም።

አመሻሽ፣ ባሕሩ ዳር

ሽሪምፗን ቤተ ሙከራው ገንዳ ውስጥ መለስኳት፤ አንዴ የወጣ ወደ ባሕር አይመለስም፣ ሕጉ ነው። ከዚያ ጀሪካኖቹን ይዤ ወረድኩ። ውኃው ሸሽቷል። ጭቃው ለጥ ብሏል፤ አንድ ቀዳዳ እንኳ አይታይም። ይህ ነገር ምንም እንደማያመጣ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ቦት ጫማዬን አወለቅኩና ሁለቱንም እስከ መጨረሻው ጠብታ አፈሰስኩ።

ስልኬ ጮኸ። እትዬ አልማዝ በሰላም መግባቴን ጠይቀው፣ ቀጥለው እነሱስ አሉኝ።

«ጸበል ገብተዋል» አልኳቸው።