ኦጉቱ ያልሰማው ቤዝ

በኪሱሙ ከተማ፣ ኒያሌንዳ ሰፈር፣ ልብስ ሰፊው ጎረቤቴ ኦጉቱ ሁለት ትንንሽ ስፒከሮች ነበሩት። ሙዚቃ ካልከፈተ እጁ አይፈታለትም። ስፒከሮቹ ጊታሩንና ዘፋኙን ጥርት አድርገው ያሰማሉ፤ ጎርናናው የቤዝ ድምፅ ግን አይወጣላቸውም።

ታናሽ ወንድሙ ኦባላ ቤንጋ የሚባለውን የአገሩን የጊታር ሙዚቃ በሚጫወት ባንድ ውስጥ ቤዝ ጊታር ይጫወት ነበር። የመጀመሪያ ሲዲያቸው እንደወጣ እየሮጠ ወደ ኦጉቱ አመጣው። ኦጉቱ አደመጠና ደንበኞቹ ፊት፣ "አንተ የት አለህ? ገመድ ስትጠቀልል ነበር እንዴ?" አለው። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ኦባላም አብሮ ሳቀ። ብዙም ሳይቆይ ባንዱን ትቶ ሐይቁ ዳር ወዳለችው ሆማ ቤይ ከተማ ሄደና ዓሣ መነገድ ጀመረ። ኦጉቱ ለምን ብሎ አልጠየቀውም።

ዓመታት አለፉ። የኦጉቱ ልጅ አኮት ልትታጭ ሆነ፤ "በዕለቱ የአጎቴ ዘፈን ይከፈትልኝ" አለች። ኦጉቱ ጎርናናውን ድምፅ የሚያወጣውን ሣጥን፣ ውፈር፣ ሊገዛ ስፒከሮቹንና ሲዲውን ይዞ አፖንዲ የምትባል የድምፅ ዕቃ ነጋዴ ሱቅ ሄደ።

"ያን ትልቁን አምጪልኝ።"

"የአኮት አባት፣ ጣሪያዎ ይነሳል!"

"ይነሳ፣ ዝናቡ አልፏል።"

ሰካችው። ሱቁ ተንቀጠቀጠ፤ ዘፈኑ በጉርምርምታው ውስጥ ጠፋ።

"ዘፋኙን ሐይቅ ውስጥ ከተትሽው እኮ!"

"አልኩዎት። ለሳሎን ነው ወይስ ለሰፈሩ? እነዚህ ስፒከሮችዎ ትንንሾች ናቸው፤ የሚጮህባቸው ሳይሆን የሚያግዛቸው ነው የሚፈልጉት።"

አነስ ያለ፣ ድፍን ሣጥን አመጣችና የድምፁን ቁልፍ ቀስ እያለች አዞረች። "ስፒከሮቹ የሚደክሙበት ላይ ይሄ ይቀበላቸዋል። ውፈር መኖሩን ከረሱት ልክ ገብቷል ማለት ነው።"

ከጊታሮቹ ሥር አንድ ድምፅ መራመድ ጀመረ። ዘፈኑን ሁሉ ተሸክሞት ይሄዳል። ኦጉቱ ካርቶን ላይ ቁጭ አለ።

"ምነው?" አለች አፖንዲ።

"ወንድሜ ነው።"

"ነፍስ ይማር።"

"ኧረ አለ። ዓሣ ይነግዳል።"

ውፈሩን ቤት አድርሶ ሆማ ቤይ ወረደ። ኦባላን ሐይቁ ዳር ቅርጫት ሲጭን አገኘው።

"ዛሬ ሰማሁህ" አለው። "ለካ ጥፋቱ የስፒከሬ ነው። አንተማ እዚያው ውስጥ ነበርክ።"

ኦባላ ሥራውን አላቆመም። "ጊታሬን ያን ሳምንት ሸጥኩት።"

"በእኔ ምክንያት?"

"በአንተ ምክንያት።"

ኦጉቱ በመንገዱ ሁሉ ያዘጋጀውን ረጅም ንግግር ተወው። "በድዬሃለሁ" ብቻ አለ።

"አዎ" አለ ኦባላ። ቅርጫቱን በአንድ በኩል ይዞ፣ "ለአኮት መታጨት እመጣለሁ። አሁን በዚያ በኩል ያዝልኝ፣ ከብዶኛል" አለው። ቅርጫቱን አብረው አነሱ።

አኮት በታጨችበት ቀን ዘፈኑ ሲከፈት ሴቶቹ እልል ብለው ተነሱ። ኦጉቱ ግን አንገቱን ደፍቶ ቤዙን ብቻ ይከታተል ነበር። ኦባላ በሩ ላይ ቆሞ አደመጠ። ከዚያ ሽማግሌዎቹ ንግግር ሲጀምሩ፣ ንግግራቸው እንዲሰማ ሄዶ የዘፈኑን ድምፅ ራሱ ቀነሰው።