ያልነዳሁት የሮይ ትራክተር

አሜሪካ፣ አትላንታ አጠገብ ታከር በምትባል ከተማ ባለው የሮይ ጋራዥ ሥራ በጀመርኩበት ዕለት የተሰጠኝ መጥረጊያ ነበር። አገር ቤት በመንግሥት እርሻ ከረዳትነት ተነስቼ ዋና መካኒክ እስከመሆን ደርሻለሁ። ይህን ለሮይ ስነግረው «ጥሩ ነው» አለና ዘይት የፈሰሰበትን ወለል አሳየኝ።

እየጠረግሁ ጥግ ስደርስ ሸራ የለበሰ ነገር አየሁ። ገለጥ ባደርገው ትራክተር ነው። ቀይ ቀለሙ የነጣ፣ ጎማው የተሰነጣጠቀ፣ በዕድሜ እኔን የሚበልጥ።

«እሱን ተወው። አባቴ ያረሰበት ነው፤ ሞተሩ ተጣብቋል» አለኝ ሮይ።

አልተውኩትም። ካንዴላዎቹን ፈትቼ የተጣበቀው እንዲላቀቅ ናፍጣና ዘይት ቀላቅዬ በቀዳዳዎቹ አፈሰስኩ። ከጥቂት ቀናት በኋላ በማኑቤላ፣ በእጅ በሚዞረው ማስነሻ ብረት፣ ስሞክረው ሞተሩ ዞረ። ሮይ ድምፁን ሰምቶ መጣ። «ታድ» አለኝ፤ ታደሰ ማለት ይከብደዋል፤ «ይሄማ ለመጎተት ውድድር ይሆናል!»

ለማታውቁት ላስረዳ። በውድድሩ ያረጁ የእርሻ ትራክተሮች ከባድ ተጎታች ይጎትታሉ። ትራክተሩ ወደፊት በሄደ ቁጥር ተጎታቹ ላይ ያለው ክብደት እየተንሸራተተ ወደ ትራክተሩ ይጠጋና ጭነቱን ያከብደዋል። በመጨረሻ የማይቆም የለም። ከሁሉ ርቆ የቆመ ያሸንፋል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሠራነው። ሲሊንደሮቹን አስፍተን ትልልቅ ፒስተን ከአዲስ ፋሻ፣ ከፒስተን ቀለበት፣ ጋር አስገባን። ቴስታውን፣ የሞተሩን ክዳን፣ በማሽን አስላግሁት። ቫልቮቹን በእጄ እያሸሁ ከመቀመጫቸው ጋር አገጣጠምኩ፣ ፍሪሲዮኑን ቀየርኩ፣ ሲጎትት ፊቱ እንዳይነሳ ከአፍንጫው ላይ የብረት ክብደት አንጠለጠልኩ። ሮይ መብራት ይይዝልኛል፣ ቁልፍ ያቀብለኛል። ያን ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም።

አንድ ነገር ግን እፈልግ ነበር። እርሻው ላይ ሳለሁ እኔ እጠግናለሁ፣ ኦፕሬተሩ ይወጣበትና ያርሳል። መካኒክ ወርክሾፑ ደጅ ላይ ሞክሮ ያስረክባል እንጂ ማሳ አይገባም። ዕድሜዬን ሙሉ ያስነሳሁትን ሌላ ሰው ይዞት ሲሄድ ከኋላ አይቻለሁ። ይህንን ግን ራሴ መንዳት አማረኝ። እንዲያውም ለልጄ ለሰላም «ውድድሩ ላይ አባትሽ ይነዳል፣ መጥተሽ ታያለሽ» ብያት ነበር።

ውድድሩ ሲቃረብ ሮይ እጁን በጨርቅ እየጠረገ «ታድ፣ አንተ ትነዳዋለህ?» አለኝ።

ልቤ ዘለለ። አፌ ግን «ኧረ አይሆንም! የአባትህ ትራክተር ነው፤ አንተ ንዳው፣ ወይ ብራድ ይንዳው» አለ። ብራድ የሮይ ልጅ ባል ነው።

ምን ላድርግ፣ ያደግሁት እንዲህ ነው። ሰው ቤት ገብተህ ብላ ስትባል ጠግቤያለሁ ትላለህ። አፈር ስሆን ይሉሃል፤ አሁን በልቼ ነው የመጣሁት ትላለህ። በሞቴ ሲሉህ እጅህን ትታጠባለህ። ገና ሲጠሩት ዘሎ የሚቀርብ ስድ ይባላል። እኔም ሮይ በሞቴ እስኪለኝ ቁልፎቼን አንድ በአንድ እየወለወልኩ ጠበቅሁ።

ሮይ «እሺ፣ እንዳልክ» አለና ስልኩን አውጥቶ ብራድ ጋ ደወለ።

ብራድ ኮሌጅ ፓርክ በምትባል ከተማ የሆቴል ሥራ አስኪያጅ ነው። ትራክተር ላይ ወጥቶ አያውቅም። ጥርሴን ነክሼ እኔው አስተማርኩት። «ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለህ ልቀቅ። ፊቱ ቢነሳ አትደንግጥ፣ በግራና በቀኝ ፍሬን አቅናው።»

ውድድሩ ከአትላንታ ወጣ ብሎ ባለ ሜዳ ነበር። ውስጥ የሚገቡት ነጂውና ዳኞቹ ብቻ ስለሆኑ እኔ አጥሩ ጋ ቆምኩ። ሰላም ስልኳን ለቪዲዮ አዘጋጅታ መጣች።

«ዳዲ፣ እዚህ ምን ትሠራለህ? ማነው እሱ?»

ወደ ሜዳው በጣቴ አሳየኋት። ትራክተሩ ተነሳ። ድምፁ አንዴም ሳይቆራረጥ ሌሎቹ ከቆሙበት አልፎ ሄደ። ፊቱ ሲነሳ ብራድ እንዳልኩት አቀናው። አንደኛ ወጣ። በድምፅ ማጉያው የሮይ፣ የአባቱና የብራድ ስም ተጠራ። ሮይ ብራድን አቅፎ አለቀሰ፤ ከዚያ መጥቶ ትከሻዬን መታ መታ አደረገና «ጥሩ ሠርተሃል» አለኝ። በዚያች ሰዓት ጠላሁት።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ለሰላም የሆነውን ሁሉ ነገርኳት።

«ዳዲ፣ ሰውየው አስክ አድርጎሃል እኮ።»

«አንዴ ነዋ የጠየቀኝ።»

«ሶ? ኖ አልከው። እሱም ሪስፔክት አደረገህ።»

«ይሄ ነው አክብሮት?»

«ላይክ፣ ፎርስ እንዲያደርግህ ነው የፈለግከው?»

«አዎ» አልኳት። ሳቀች። ፊቴን ስታይ ሳቋን ተወች።

ከዚያ ወዲህ ጸደይ በመጣ ቁጥር ትራክተሩን የማዘጋጀው እኔ፣ የሚነዳው ብራድ ሆነ። ሮይ ዳግመኛ አልጠየቀኝም፤ እሱ የሚያውቀው አለመፈለጌን ነው። ስንቴ ልጠይቀው ብዬ አፌ ላይ ከደረሰ በኋላ ዋጥኩት። ጡረታ ስወጣ የትራክተሩን ትልቅ ፎቶ በፍሬም አድርጎ ሰጠኝ። ወንበሩ ላይ ብራድ ተቀምጧል።

እዚህ አገር ጋራዥ የምትሠሩ ልጆች፣ በሞቴ የሚላችሁ የለም። የሚጠይቋችሁ አንዴ ነው። ከፈለጋችሁ እሺ በሉና ውጡበት።