ሶስና የሠራችው ማንቂያ

የሶስና ጣቶች ከኪቦርዱ ላይ አይነሱም፤ ይጽፋሉ፣ ያጠፋሉ፣ መልሰው ይጽፋሉ። በ2008 ዓ.ም. ወልድያ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ሥራዋን እየሠራች ነበር። ሥራዋ ከርነል ላይ ነው። ከርነል የኮምፒውተር አዛዥ ነው፤ ፕሮግራሞች ሁሉ የሚፈልጉትን የሚያገኙት በእሱ በኩል ነው። መልእክት የሚጠብቅ ፕሮግራም በየቅጽበቱ «መጣ? መጣ?» እያለ ከርነሉን ሲጠይቅ ማሽኑን ያደክማል። ሶስና የፈለገችው ጠባቂው ፕሮግራም ስሙን አስመዝግቦ እንዲተኛ፣ መልእክቱ ሲደርስ ከርነሉ እንዲቀሰቅሰው ነው።

አባቷ ይርጋ መርሳ ከተማ ሜካኒክ ነው። እናቷ በልጅነቷ ስለሞተች፣ ያሳደጓት እሱና እናቱ ወይዘሮ ታደለች ናቸው። በየቀኑ በምሳ ሰዓት ይደውልላታል።

«ዛሬስ ኮምፒውተርሽ ተነሳ፣ ወይስ እንደ አጎትሽ እንደ ብርሃኔ አይሱዙ ተገፍቶ ነው?»

«አባዬ፣ ሥራ አስፈታኸኝ እኮ! አንተም እንደዚያ ፕሮግራም «መጣ? መጣ?» ሆንክብኝ። ነገር ሲኖር ብቻ ደውል። ዝም ካልክ ደህና ነህ ማለት ነው።»

«እሺ፣ የኔ መሐንዲስ» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ አልደወለም።

መምህሯ አቶ ሙላቱ ሥራዋን አይተው፣ «ጠባቂው መልእክቱ አለመምጣቱን አየ እንበል። ሊተኛ ሲል፣ በዚያች መሐል ቢደርስስ? ማን ይቀሰቅሰዋል?» አሏት።

ሦስት ሳምንት ፈጀባት። ጠባቂው መጀመሪያ ተመዝግቦ፣ ከዚያ አንዴ ደግሞ አይቶ እንዲተኛ አደረገች፤ የደረሰው መልእክት ምልክትም ጠባቂው ራሱ እስኪያነሳው እንዲቆይ። ሺህ ጊዜ ሞከረችው፤ አንድም መልእክት አልጠፋም። ለአባቷ ልትነግረው ስልኳን አነሳችና፣ «ሥራዬን ሳቀርብ እነግረዋለሁ» ብላ መልሳ አስቀመጠችው።

ባቀረበች ማግስት ጎህ ሲቀድ በሯ ተንኳኳ። ብርሃኔና የመርሳ ጎረቤቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል።

መርሳ ስትደርስ አባቷ ከተቀበረ ሦስት ቀን ሆኖታል።

«እማማ፣ ምነው ዝም አሉኝ?»

አያቷ ፊቷን ማየት አቅቷቸው፣ መሬት መሬት እያዩ ነገሯት። ይርጋ ጉበቱን ታሞ ዘጠኝ ቀን ተኝቷል። ስልኩን ይዞ፣ «ነገር ሲኖር ብቻ ብላኛለች። ይሄስ ነገር አይደለም እንዴ፣ እናቴ?» ይላቸው ነበር። «ትጨርስ ልጄ፣ አታስደንግጣት» ብለው ስልኩን ከእጁ የወሰዱት እሳቸው ናቸው። ፈተና ላይ ላለ ልጅ ክፉ ወሬ አይነገርም፤ አገሩም የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ሶስና አልተቆጣቻቸውም። አጠገባቸው ተቀምጣ እጃቸውን ያዘች። መልእክት እንዳይጠፋ ብላ ብዙ አስባለች፤ የሚያደርሰው ሰው አዝኖላት ይዞ ቢያስቀረውስ ብላ ግን አላሰበችም። ዝም ካልክ ደህና ነህ ያለችውም ራሷ ናት።

አሁን ለመርሳ ቅርብ በሆነችው ሲሪንቃ ተቀጥራ ትሠራለች። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ስልኳን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጠዋለች። ይህን ለምታነቡ አንድ ልመና አላት፦ ቤታችሁ የታመመ ካለ፣ ሩቅ ላለው ልጁ ዛሬውኑ ደውሉለት። ፈተና ላይ ቢሆንም ደውሉለት።