ጭስ ያጣው ቤት

ባለፈው ሳምንት እንጨት ሻጭ አህያውን እየነዳ ወልቂጤ በራችን ላይ ቆመ። መብራት ጠፍቶ ሰንብቶ ነበር። ሁለት ፍልጥ አንስቼ እርስ በርስ አጋጨሁና ጆሮዬን አቀረብኩ። ሰውዬው ሳቀ። «ምነው እትዬ፣ ይናገራል እንዴ?» አለኝ። ድምፁ ድፍን ነበር፤ ውስጡ ውሃ አለው። መልሼ አህያው ላይ አደረግኩለት። እያጉረመረመ ሄደ፣ እኔ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። እንጨት እያጋጩ ማዳመጥ ከተማርኩበት ክረምት ወዲህ አግብቻለሁ፣ ወልጃለሁ፣ ልጆች አሳድጌያለሁ። እጄ ግን አልረሳም።

ያደግኩት በጉራጌ ደጋ፣ ከአረቅጥ ከተማ ወጣ ብሎ ካለ መንደር ነው። አገሩ ብርድ ነው። በክረምት ጉሙ እንሰቱ መሀል ይተኛና እስከ ረፋድ አይነሳም። ቤታችን አባቴ በጤናው ጊዜ ከመንደሩ ወንዶች ጋር ሆኖ የሠራው ትልቅ የሣር ቤት ነበር። መሀሉ ላይ ምሰሶ፣ ከምሰሶው አጠገብ ምድጃ፣ በአንድ በኩል ከብቶች። ጭሱ የተለየ መውጫ የለውም፤ ወደ ላይ ወጥቶ በሣሩ ውስጥ እየሰረገ ይሄዳል። ሲሄድም ሣሩን ያጥነዋል። የጣሪያው እንጨት በጥቀርሻ ጠቁሮ ያብረቀርቅ ነበር። እኛ ዘንድ የሣር ቤት የሚኖረው በጭስ ነው። ጭስ ካጣ ተባይ ይበላዋል፣ እርጥበት ያበሰብሰዋል።

እናቴን ግን ጭሱ ጨረሳት።

ዕድሜዋን ሙሉ ቆጮ ስትጋግር በተነፈሰችው ጭስ ደረቷ ታፈነ። አባቴ ከሞተ በኋላ ደግሞ ባሰባት። ክረምት ሲገባ ተኝታ ማደር ስለማትችል ምሰሶውን ተደግፋ ቁጭ ብላ ታነጋለች። የሚያስለቅሳት ግን እሱ አልነበረም። ሱጁድ መውረድ፣ በሰላት ግንባሯን መሬት ማስነካት፣ አቅቷት ነበር። ጎንበስ ስትል ትንፋሿ ቀጥ ይላል። ስለዚህ ተቀምጣ፣ በጭንቅላቷ ምልክት እያደረገች ትሰግዳለች። አላህ እንደሚቀበላት ሼኩ ነግረዋታል። «አውቃለሁ» ትላለች። «ግንባሬ ግን መሬት ናፈቀው።»

ታላቅ ወንድሜ ጀማል አረቅጥ ላይ፣ ለመንገድ ሥራ የመጡ ፈረንጅ ባልና ሚስት ቤት ዘበኛ ነበር። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት ሆኖት ነበር። ሰዎቹ ሥራቸውን ጨርሰው ሲሄዱ ከአገራቸው ያስመጡትን የብረት ምድጃ ለእሱ ተዉለት። በዚያ ጭቃ በሰው ሸክም፣ በየዳገቱ እያሳረፈ፣ ከነቱቦው አመጣው። ቱቦውን በግድግዳው አሳልፎ፣ ዙሪያውን በቆርቆሮና በጭቃ ለብጦ፣ ከክዳኑ አርቆ ወደ ላይ አቆመው። እናቴ ከምሰሶዋ ሳትነቃነቅ አየችው።

«ይሄ ጥቁር ጥጃ ምን ይበላል?»

«ደረቅ እንጨት ብቻ። እርጥብ ከቀመሰ ይታመማል።»

«ታዲያ እንደኔው በሽተኛ ነዋ» አለችና እየሳቀች ሳል ያዛት።

ምድጃው ውስጥ፣ ከላይ በኩል፣ የማር ሰፈፍ የመሰለ ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ ሸክላ ነበር። ሸክላው በደንብ ከጋለ በውስጡ የሚያልፈው ጭስ ራሱ ይነድዳል፤ ካልጋለ ግን ይታፈናል። ጀማል ፈረንጆቹ ሲያነዱ እያየ ተምሮታል። እኔ ግን ቸኮልኩ። ገና ሳይግል፣ ጭሱን ወደ ሸክላው የሚመልሰውን የጎኑን እጀታ ገፋሁት፤ ጭሱ በበሩ ተመልሶ ወጣና እናቴን ሊገድላት ደረሰ። ጀማል አልተቆጣኝም። «መጀመሪያ ይጥገብ ሙኒራ» አለኝ። «ሲጠግብ ራሱ ይተኛል።»

ቀስ እያልኩ ለመድኩት። ባሕር ዛፉን በበጋ ከተፈለጠው መርጬ፣ አጋጭቼ አዳምጣለሁ፤ ጥርት ያለ ድምፅ ያለውን ብቻ አስገባለሁ። የአየር መግቢያውን ሙሉ ከፍቼ በኃይል አነዳለሁ። የሙቀት መለኪያው መንገድ ላይ ስለተሰበረ የምለካው በውሃ ነበር። ጠብታዋ ብረቱ ላይ ተንጫጭታ ከጠፋች ገና ነው፤ ድቡልቡል ሆና ከሮጠች ደርሷል። ያኔ እጀታውን እገፋለሁ። ከዚያ አየሩን ጥቂት በጥቂት እቀንሳለሁ። ነበልባሉ ይሰክናል፣ ግንዱ ይቀላል እንጂ አይንቀለቀልም። ከምሽት ሰላት በኋላ የገባው ግንድ ለሱብሂ፣ ለንጋቱ ሰላት፣ ፍም ሆኖ ይጠብቀናል። የቡላ አጥሚት ከላዩ ከተጣደ ሳይቃጠል ይሞቃል። ከቱቦው ጫፍ የሚታየው የአየር መንቀጥቀጥ ብቻ ነው።

እሳቱ በተስተካከለልኝ ማግስት ጠዋት መንደሩ ግር ብሎ መጣብን። በአገራችን ጎህ ቀዶ ከጣሪያ ላይ ጭስ ካልታየ ያ ቤት ደህና አይደለም። ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ ቀድማ ገባች፤ ለለቅሶ ተከናንባ ነበር። እናቴ አጥሚቷን ይዛ ተቀምጣለች።

«አፈር ስሆን፣ ሞተች ብለን እኮ ነው የመጣነው» አለች ዘይነባ።

«ቁርስ ሳትበሉ? በሉ ተቀመጡ፣ በሞቴ።»

«ሞትሽንማ ልናይ ነበር የመጣነው!»

ሁሉም ሳቀ። አባባ ከማል ብቻ አልሳቁም። ከአባቴ ጋር ያን ጣሪያ የከደኑት እሳቸው ናቸው። ቀና ብለው ሣሩን ለረጅም ጊዜ አዩት። «ቤቱንስ ማን ያጥነዋል?» ብለው ጠየቁ።

እናቴ ተኝታ ማደር ጀመረች። መጀመሪያ ተደግፋ፣ በኋላ በጎኗ። ሳሏ ጨርሶ አልተዋትም፣ ግን ቀለለላት። አንድ ቀን ሱብሂ ላይ ስሰግድ ከጎኔ የልብሷ ኮሽታ ተሰማኝ። ሰላቴን ጨርሼ ሳሰላምት ዞር ብዬ አየሁ። ግንባሯ ሰሌኑ ላይ ነበር። ቆየች። ደንግጬ ልነሳ ስል ቀና አለች። ፊቷ ላይ የሰሌኑ ምልክት ወጥቶ ነበር።

ሐምሌ ሲገባ ከጣሪያው እንደ ዱቄት የላመ ነገር መርገፍ ጀመረ። ጭስ ያጣውን አሮጌ ሣር ተባዩ እየበላው ነው። ቀጥሎ ውሃው መጣ፤ መጀመሪያ ከብቶቹ ላይ፣ ከዚያ አባቴ ይተኛበት በነበረው መደብ ላይ። ዕቃ እየደቀንን፣ ዕቃ እየደፋን እንውላለን። አባባ ከማል መጥተው የድሮው ምድጃ ቀን ቀን እንዲጨስ መከሩ። ሞከርነው። እናቴን ደጅ በዝናብ ማስቀመጥ አይቻልም፤ ውስጥ ስትሆን ደግሞ ከንፈሯ ጠቆረ። ጀማል እሳቱን በእጁ በትኖ ውሃ ደፋበት። ክዳኑን ቀና ብሎ አየው፣ እናቴንም አያት። የአባታችን ቤት ነው። ምን እንደሚያስብ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

እናቴ ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቀች። «አባትህ ቢኖር ራሱ ያፈርሰው ነበር» አለችው። «ጣሪያው ይፍሰስ፣ ጀማል። ተወኝ፣ ግንባሬ መሬት ይንካ።»

ከዚያ ወዲያ ስለ ጣሪያው በፊቷ አልተነሳም። ውሃ የማይወርድባት ደረቅ ቦታ እየጠበበች ሄደች። ሰሌኗን ከቦታ ቦታ እያዛወርኩ አነጥፍላት ነበር።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አንድ ጠዋት በጎኗ እንደተኛች አረፈች። በዚያች ትንሽ ምድጃ ለለቀስተኛ አይበሰልም፤ ሴቶቹ የድሮውን ምድጃ አነደዱት። ጭሱ ወደ ላይ ወጣ። ያን ጊዜ ተባዩ ከሣሩ በሕይወቱ ይረግፍ ጀመር፤ በእንግዶቹ ትከሻ ላይ፣ ባዶው መደቧ ላይ። አባባ ከማል ነጠላቸውን እያራገፉ «አሁንማ ጭሱ ለቤቱ ምን ያደርግለታል» አሉ። እንዳሉትም ሆነ። በቀጣዩ ዓመት ክዳኑ በአንድ ጎኑ ተደረመሰ። ጀማል ምሰሶውን ነቅሎ በቆርቆሮ ሌላ ቤት ሠራ።

ሰው ያኔ ብዙ ተናገረን። አንድ ክረምት እንኳ ላልሞላ ትንፋሽ የአባታቸውን ቤት አስበሉት ተባለ። ጀማል እስከ ዛሬ ስለዚያ ቤት ሲነሳ ተነስቶ ይወጣል። እኔም ተከትዬው እወጣለሁ። ሐዘኑ አልወጣልንም፤ ሁለቱንም ነው ያጣነው።

ቤት ባዶ ሲሆን፣ ሱብሂ ላይ፣ ብቻዬን እሰግዳለሁ። ጎንበስ እላለሁ፣ ትንፋሼ አይቆምም። ግንባሬ መሬት ሲነካ ቶሎ አልነሳም። እናቴ ቤቷን የከፈለችበትን ሱጁድ እኔ በነጻ ነው ያገኘሁት። አልሐምዱሊላህ።