ጎረቤቴን የጠየቁት ጥያቄ

ናይሮቢ፣ ኢስትሊ ሰፈር በኖርኩባቸው ዓመታት ሐምሌ ሲገባ ሰማዩ ዝቅ ብሎ የፎቃችን ጣሪያ ላይ የሚያርፍ ይመስለኝ ነበር። ተከራዮቹ ሁሉ ልብስ የምናሰጣው እዚያ ነው። በአንሶላዎቹ መሃል የሚሄድ ሰው እንደ ሕልም ብቅ ይልና ይጠፋል።

ባልና ሚስቱን የተዋወቅኋቸው እዚያ ነው። እሷ የድሬዳዋ ልጅ ናት። እሱ ከሞቃዲሾ ጦርነት ሸሽቶ ድሬዳዋ ሲገባ ተገናኝተው ተጋቡ፤ አማርኛውንም ከእሷ ተማረ። ካናዳ ያለች እህቷ ሁለቱንም ልትወስዳቸው ጉዳያቸውን ጀምራ ነበር። የሚስትየዋ ቪዛ መጣ። እሱን ግን ያገሩ ሰዎች ለጸጥታ ያሰጋሉ ተብሎ እንደገና ለጥያቄ ጠሩት።

ሲመለስ እኔና ሚስቱ ጣሪያው ላይ ልብስ እያሰጣን ነበር።

«ምን አሉህ?» አለችው።

«መሣሪያ የታጠቀ ሰው ታውቃለህ ወይ አሉኝ። አውቃለሁ አልኳቸው። ወንድሜን የገደለው የሰፈራችን ልጅ ነው፤ አብረን ኳስ ተጫውተናል።»

«አላውቅም ብትል ምን ነበረበት?»

«ከዋሸሁማ የሚፈሩት ሰው እኔው ሆንኩ ማለት ነው።»

የያዘችውን ልብስ ገመዱ ላይ ጥላ ወረደች።

አብራኝ የምትሠራ ኬንያዊት እህቷን የቀበረችው ከተማው መሃል ቦምብ በፈነዳ ጊዜ ነው። ስለዚህ መንግሥታት ቢፈሩ አልፈርድባቸውም ነበር። «አጥፍተዋል ትላለህ?» አልኩት።

«እኔም ደጄን የሚያንኳኳውን ማነህ ሳልል አላስገባም። እኔን ይጠይቁኝ። ያገሬን ስም ሰምተው ብቻ ከዘጉ ግን፣ እኔንና ያሸሸኝን ሰው አንድ አደረጉን።»

«ቀድመሽ ሂጂ፣ እከተልሻለሁ» እያለ ሚስቱን ለመናት። የቪዛው ጊዜ ሊያልቅ ሲል ሦስታችንም በታክሲ ኤርፖርት ሄድን። በሩ ጋ ስንደርስ ሻንጣዋ ላይ ተቀመጠች። እሱ አጠገቧ ቆመ። የሚገቡት ሰዎች እየዞሩን አለፉ።

«እንመለስ» አለች በመጨረሻ።

ስንመለስ የጃካራንዳው ዛፍ አብቦ መንገዱ ሁሉ ሐምራዊ ነበር፤ መኪናው አበባ ላይ የሚንሳፈፍ እየመሰለኝ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ እጅ ለእጅ ተያይዘዋል።

ከዚያ ሴት ልጅ ወለዱ፤ እሱም የጨርቅ ሱቅ ከፈተ። የእሱ ጉዳይ ውድቅ መሆኑን በስልክ የነገሩት ለደንበኛ ጨርቅ ሲለካ ነው። «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብሎ ዘጋና መለካቱን ቀጠለ። ጨርቁን ግን አጉድሎ ቆረጠው፤ ደንበኛዋም እያየች ከፍላ ወሰደችው።

ኋላ የካናዳዋ እህት ራሷ ልትጠይቃቸው መጣች፤ ኤርፖርት ሄደን ጠበቅናት። የካናዳ ፓስፖርቷን አሳይታ ወዲያው ወጣች። ሕፃኗን አቅፋ ትንሽ ካለቀሰች በኋላ፣ ያፈረች በሚመስል ድምፅ፣ «እኔን ምንም አልጠየቁኝም» አለችው።

እሱ ሻንጣዋን ተቀበላት። «እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ» አላት። «ርቦሻል?»